በምርቃና የተገባ ቃል

ጥቅምት 27 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ለእኔ ሰጡኝ! ጠዋት ስብሰባ ላይ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ አቶ ጀምበሩ «የልጃገረዶቹን ክትባት ሲስተር እሴት ትመራዋለች» ሲሉ ከወንበሬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝም። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ቶሌሳ ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ድንጋይ ሲወረወር ከፊት የምትሆኚው አንቺ ነሽ» አለኝ። የሰው ደስታ ማፍረስ ይወዳል። ክትባት ክፍል አብረን ስንሠራ ሁለት ዓመታችን ነው፤ አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ማታ ነው፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ካልጻፍኩት አላምንም፦ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸውን ልጃገረዶች ትምህርት ቤታቸው ድረስ ሄደን እንከትባለን። አንዱን አሁን፣ ሁለተኛውን ከስድስት ወር በኋላ። የማህፀን በር ካንሰር የሚባለውን ነገር ገና ሳይመጣ በሩን እንዘጋበታለን። እኔ የጫት ተራን ሠፈር ያዝኩ። ከባዱ ሠፈር ነው ይላሉ። ይሁና!

እማዬን የገደላት ይኸው በሽታ ነው። መቻራ ከተማ፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ሆኜ። ያኔ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ «የሴት ሕመም» ነበር የሚባለው። ስሙን የሰማሁት ነርሲንግ ስማር ነው፤ መምህሩ ምልክቶቹን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ አንድ በአንድ የእማዬን ነገር የሚጽፍ መሰለኝ። ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዛሬ ግን ለቅሶ የለም! መርፌው መጣ!

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ሥልጠና። አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም ግማሹ የሻይ እረፍት። ክንድ ላይ ይወጋል። ሳጥኑ ፀሐይ እንዳያገኘው። ልጆቹ ከተወጉ በኋላ ሩብ ሰዓት ቁጭ ብለው ይቆዩ። ገባኝ፣ ገባኝ፣ በቃ እንጀምር!

ቶሌሳ ግን አሥር ጊዜ እጁን አወጣ። «ለምን ሴት ብቻ? ለምን አሥራ አራት ዓመት ብቻ? አንዷ እናት 'የአሥራ ሦስቷስ ልጄ?' ብትለኝ ምን ልበላት?» አሠልጣኙ «ክትባቱ ለሁሉም ስላልበቃ ነው» አለው። «እሱን ለእናትየው ልንገራት?» አለ ቶሌሳ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አፈርኩበት። ለምን እንደማፍርበት እንጃ፣ ወንድሜ አይደለ ምኔ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ከቶሌሳ ጋር ተጣላን። ማለቴ እኔ ተጣላሁ፤ እሱ የሻይ ብርጭቆውን እያዞረ ሰማኝ። «ካልፈለግክ ለምን ለአቶ ጀምበሩ አልችልም አትላቸውም?» አልኩት።

መርፌውን አልጠላሁም አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት ገጠር ለዘመቻ ሄዶ የከተበው ሕፃን ማታውን ትኩሳት ያዘው። አባትየው ቶሌሳን ቤቱ አስገብቶ በሩን ዘጋና «ልጄ ካልተነሳ አንተም አትነሳም» አለው። ጠዋት ልጁ ድኖ ሲሮጥ ያው አባት ቂጣ በማር አቀረበለት። «ቂጣው እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም» አለኝ። «ዘመቻ ሲያልቅ መኪናው ይመለሳል። እኔና አንቺ ግን እዚሁ ጭሮ ከተማ ነን። ባጃጅ ውስጥ ያገኙናል፣ ገበያ ያገኙናል። ለሚጠይቁኝ ነገር መልስ ሳይኖረኝ የሰው ልጅ ክንድ መያዝ እፈራለሁ።»

ፈሪ አልኩት። አሁን ሳስበው ፈሪ ማለት አልነበረብኝም። ነገ ይቅርታ እለዋለሁ። ወይም አልለውም፤ እሱም ነገር ማብዛቱን ይተው።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ጫት ተራን ቤት ለቤት ዞርኩ፣ እግሬ አለቀ። ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል! መሃን ያደርጋል፤ ሕዝብ ለመቀነስ ከውጭ የተላከ ነው፤ የአንዱ ስልክ ላይ ቪዲዮ አለ። አንዷ እናት በሩን በፊቴ ዘጋችው። ሌሎቹ በአንድ አፍ «አባቷን ጠይቂ» ይላሉ። አባቷስ የት ነው? በርጫ ላይ! ሥራ ካለቀ በኋላ ወንዱ ሁሉ ተሰብስቦ ጫት ይቅማል፣ የሠፈሩም ነገር የሚቆረጠው እዚያው ነው።

አንድ ሰው ግን አገኘሁ! አዴ ሀኒፋ ትባላለች፣ አስፋልቱ ዳር ጫት ትሸጣለች። እንዲህ የምትስቅ ሴት አይቼ አላውቅም፤ እየሳቀች ትከራከራለች፣ እየሳቀች ትሳደባለች። «እርስዎ» ስላት «ዋይ! አሮጊት ልታደርጊኝ ነው? አንቺ በይኝ!» አለችኝ። ልጇ ሙሚና ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ልክ አሥራ አራት ዓመቷ። ጫቱን በእርጥብ ጨርቅ እየሸፈነች «ያማል? ስንት ጊዜ ነው? እስካረጅ ድረስ ይሠራል?» ብላ አከታትላ ጠየቀችኝ። እዚያው ልስማት ነበር። ሀኒፋ ግን «እኔ እሺ ነኝ፤ የአባቷን ቃል አምጪ» አለች። አባትየው አብዱናስር የሠፈሩ ትልቅ ጫት ነጋዴ ነው፣ በርጫውም እሱ ቤት ነው። እሱ እሺ ካለ ሠፈሩ እሺ አለ።

ልነሳ ስል ሀኒፋ ክንዴን ያዘችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ አንዲት ጎረቤቷ ጠየቀችኝ። ደም ያለ ቀኑ ይመጣባታል፣ ወገቧን ያማታል። «ጤና ጣቢያ ትምጣ፣ ምርመራ አለ» አልኳትና ወደ ሙሚና ነገር ተመለስኩ። አባትየውን እንዴት ብዬ እንደምይዘው ነው የማስበው።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

አቤት ቀን! ጫት ቤት ገባሁ! እኔ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምር፣ የጫት ቅጠል አፌ ገብቶ የማያውቅ፣ በርጫ ላይ ተቀመጥኩ!

ሥራ ጨርሼ አሥር ሰዓት ላይ ነው የሄድኩት። ሀኒፋ በር ላይ አገኘችኝና «አሁን?» አለች። «አዎ አሁን። ተሰብስበው የለም እንዴ?» አልኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ አሳለፈችኝ። ግድግዳውን ተከትሎ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው ውሃ፣ ለውዝ፣ የሻይ ቴርሞስ። እኔ በር አጠገብ ቁጭ አልኩ። ቀሚሴን ጎትቼ ጉልበቴን ሸፈንኩ።

እንዴት እንደተቀበሉኝ! ገና «የመጣሁት ስለ ሴት ልጆቻችሁ...» ከማለቴ አንዱ «ሴት ልጅ ማለት አገር ናት!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ሦስቱንም ሴት ልጆቹን ሐኪም ሊያደርጋቸው እንደወሰነ ተናገረ። አንድ ሹፌር በጫት አይሱዙው ልጆቹን በነፃ ላመላልስ አለ። አንዱማ የክትባቱ ቀን ድንኳን እጥላለሁ፣ ፍየል አርዳለሁ ብሎ ማለ። እኔ አስረዳለሁ፣ እነሱ ከአፌ ነጥቀው እርስ በርሳቸው ያስረዳዳሉ። ብዙ ያልተናገረው አብዱናስር ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ሲስተር፣ የሠፈሩ ልጆች በሙሉ ያንቺ ናቸው» አለኝ።

በሙሉ! ስወጣ በረርኩ እንጂ አልሄድኩም። እስቲ አሁን ቶሌሳ ይምጣና ይናገር። እነዚህን ሰዎች ስንሸሻቸው መኖራችን አሳዘነኝ፤ እንዴት ያለ ልብ አላቸው!

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

አቶ ጀምበሩ ደስታቸው ወሰን አጣ። ወዲያው ወረዳ ደውለው «ጫት ተራ መቶ በመቶ!» አሉ። ስልኩን ዘግተው ደግሞ «አታሳፍሪኝም አይደል?» አሉኝ። ምን ሲደረግ!

ቶሌሳ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «በስንት ሰዓት ነው ያነጋገርሻቸው?» «አሥር ሰዓት። ምነው?» ከንፈሩን ነከሰ። «እሴት፣ በዚያ ሰዓት እኮ...» ብሎ ሲጀምር አቋረጥኩት። እኔ በሠራሁት ሥራ እሱ እንከን ሲፈልግ ቆሜ አልሰማም።

የሀኒፋ ጎረቤት አልመጣችም። ሴቶቻችን ሲመከሩ አይሰሙ፣ ምን ይደረጋል።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ተጀመረ! ሬዲዮው ሲያወራ ዋለ። ሳጥኖቹ ደረሱልን። ብልቃጧ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። ቶሌሳ ሲያየኝ ነበር መሰለኝ «አትሳሚያት፣ ትሞቃለች» አለኝ። ሳልስቅ አልቀረሁም። ከነገ ወዲያ የእኔ ትምህርት ቤት ነው። ጋውኔን አጥቤ ተኮስኩ፣ ጫማዬን ወለወልኩ። ሠርግ ያለብኝ ነው የሚመስለው!

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

አራት። ከሠላሳ ስድስት ልጅ አራት።

ድንኳን የለም። ፍየል የለም። አይሱዙ የለም። ሙሚናም የለችም።

ርእሰ መምህሩ «ዛሬ ሴቶቹ ብዙ ቀርተዋል፣ እንጃ» አሉ። እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቅን። ሳጥኑን ተሸክመን ስንመለስ ቶሌሳ አንዲት ቃል አልተናገረም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር። አቶ ጀምበሩ ስልክ ይዘው ቢሮ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። «ወረዳው ፊት ምን ልበል?» አሉኝ። ደግሞ ሲረጋጉ «የሚመጣው ረቡዕ የቀሩትን ማሟያ ቀን አለ፤ ካልሆነ መርፌውን ለሌላ ቦታ ያዞሩታል» አሉ። ለሙሚና የመጣው መርፌ ማለት ነው። የሚቀጥለው ዓመት አሥራ አምስት ይሆናታል፣ ያልፋታል።

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ሌላ አልጽፍም።

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

ልጣላት ነው የሄድኩት፤ ሀኒፋን። «ባልሽ ቃል ሰጥቶኝ ልጅሽን ደበቃት!» ብዬ ጫቷ ፊት ቆሜ ጮህኩ። ሰው ዞሮ ያያል። እሷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ ሲያይልባት ሆዷን ይዛ ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ በምርቃና ሰዓት ነው እኮ የሄድሽው!» አለች።

ጫቱ ሲይዘው፣ ሲመረቅን፣ ወንድ ሁሉ እሺ ነው። በአፉ ፎቅ ይሠራል፣ ድልድይ ይዘረጋል፣ ጠላቱን ይታረቃል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ጭንቅ ይገባዋል፤ «ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?» ብሎ ያድራል፣ ጠዋት ከገባው ቃል ይሸሻል። «የምርቃና ቃል ከገረባው ጋር ነው ተጠርጎ የሚወጣው» አለችኝ። ገረባ ማለት ተቀንጥሶ የሚጣለው የጫቱ ትርፍ ነው። ይሄን ጭሮ ውስጥ የማያውቅ የለም። ስድስት ዓመት የኖርኩት እኔ ብቻ አላውቅም፤ ጫት ባየሁ ቁጥር መንገድ ስቀይር ኖሬ ከየት ልወቀው! ቶሌሳ ኮሪደር ላይ ሊነግረኝ የነበረው ይሄንን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

«እሺ በጠዋት ልምጣ?» አልኳት።

«በጠዋት? ጫት አምሯቸው ሀራራ ላይ ሆነው? ይነክሱሻል!»

«ታዲያ የዚህን አገር ወንድ መቼ ነው የሚያናግሩት?»

እንደገና ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ከቀትሩ ዙሁር ሶላት በኋላ ነይ» አለችኝ። «ጫቱ ፊታቸው ሲቀመጥ ሀራራው ይበርዳል። ገና ሳይቀነጥሱ ዱዓ ይደረጋል። አፋቸው ባዶ ነው፣ እጃቸው ወደ አላህ ነው። ያኔ ተናገሪ፣ ዱዓ አድርጉልኝ በያቸው። ዱዓ የተደረገበትን ነገር ማንም አያፈርስም፤ አብዱናስርም ቢሆን።»

ዱዓ! እኔ! የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጂሬኛ ይሄን ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ይህን ሳስብ ሀኒፋ «ለሙሚና ስትይ» አለችኝ። እጄን አጥብቃ ይዛለች፣ አሳመመችኝ።

ስለ ጎረቤቷ ጠየቅኳት። «ተሻላት» አለች። እግዚአብሔር ይመስገን። ሀኒፋ ራሷ ግን ከስታለች። ጫት የሚጫነው ሌሊት ነው፣ ንግዱ እንቅልፍ አይሰጥም።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

ጠዋት ቶሌሳን ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀጥዬም «አብረኸኝ ና» አልኩት። ከአንድ ሰው ሁለት ሰው ይሻላል ብዬ ነው። ጃኬቱን አነሳ።

ያው ክፍል፣ ያው ሰዎች፣ ፊታቸው ግን ሌላ ነው! ድንኳን እጥላለሁ ያለው ሰውዬ ዓይኔን አላየኝም። ጫቱ ተቀምጧል፣ ማንም አልነካውም። ገና ሰላም ብለን ስንቀመጥ አንዱ «መሃን ያደርጋል ይባላል፣ ምን ትያላችሁ?» አለ። አፌን ስከፍት ቶሌሳ ቀደመኝ፤ በኦሮምኛ፣ ረጋ ብሎ። አያደርግም አለ። ክንዷ ሊያብጥ ይችላል፣ ሊያዞራት ይችላል፣ ትኩሳትም ሊኖር ይችላል፤ ይሄን ሳልነግራችሁ መርፌ አልይዝም አለ። «ለምን አሥራ አራት ዓመት ብቻ?» ሲሉት «ስለማይበቃ ነው። ቢበቃ ሁሉም ይወስዱ ነበር» አላቸው። እኔ ልሸፋፍን የነበረውን ሁሉ ገልጦ ነገራቸው፣ እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ! ይሄ ሰው እንዲህ ይናገራል እንዴ? ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ የት ነበርኩ?

ከዚያ አብዱናስር ጀመረኝ። «በሽታው እንዴት ነው የሚጀምረው?» ነገርኩት። «ወገብ ያማል?» አዎ። «ሽታ አለው?» ሲቆይ አለው። «ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ምን ያህል ትቆያለች?» አንዱን ነገር መልሶ መላልሶ ይጠይቀኛል። ሰዎቹን ሊያስበረግግብኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ተናደድኩና የእማዬን ነገር አወራሁ።

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሸክም ነው እያለች ወገቧን በነጠላ አሥራ ትውል እንደነበር። ሽታው ሰው ጋ እንዳይደርስ ብላ በቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር መቀመጥ እንደጀመረች፣ ቆይታም መሄዱን እንደተወች። እኔ እንኳ አጠገቧ ስቀመጥ ራቅ በይ ትለኝ እንደነበር። ሐኪም ቤት ስናደርሳት «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» ያሉን። እንደምንም ጨረስኩት። አብዱናስር አንገቱን ደፋ። ሀኒፋ ቴርሞስ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሻዩን ሳታስቀምጥ ይዛው ተመለሰች።

ከዚያ አብዱናስር ራሱ መዳፉን ዘረጋ። «አላህ ሴቶቻችንን ይጠብቅልን» አለ፤ የሙሚናን ስም ጠራ፣ የሌሎቹንም ልጆች ስም አባቶቻቸው እየተቀበሉ ጠሩ። «ይቺ ልጅ ይዛ የመጣችውን ነገር ኸይር አድርገው።» ሁሉም አሚን አሉ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ። በሹክሹክታ አይደለም፣ ጮክ ብዬ ነው። ስንወጣ ቶሌሳ «ጎበዝ» አለኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ!

ኅዳር 30፣ እሑድ

ወሬ በባጃጅ ይሄዳል። ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ጂሬኛ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ጫት ቤት ገብታ በዱዓ እጇን ዘረጋች ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ።»

«ያ መርፌስ ቢሆን፣ ልጆቹን 'እንግዲህ እንደ ልባችሁ ሁኑ' ማለት አይሆንም? በሽታው በምን እንደሚመጣ እናውቃለን።»

«ጋሼ፣ እናቴ ከአባቴ በቀር ወንድ አታውቅም ነበር» አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያም ሆኖ፣ ሽማግሌዎች እስኪነጋገሩ ከመዘምራን ትንሽ ረፍ በይ አሉኝ። እንግዲህ መሰላ ከተማ ለሚደረገው ጉባኤ አልሄድም ማለት ነው፤ ስንት ጊዜ የተለማመድነው መዝሙር! አልቆጣም። ትንሽ ተቆጥቻለሁ። ቤት ገብቼ የእኔን ድምፅ ብቻዬን ከዳር እስከ ዳር ዘመርኩት። የአከራዬ ግድግዳ ስስ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

ነገ ነው። ቶሌሳ ብስኩት በካርቶን ተሸክሞ መጣ። «የምትወድቀው ቁርስ ያልበላች ልጅ ናት፤ አንዷ ከወደቀች ሁሉም ይሮጣሉ» አለ። «ብስኩቱስ ይዋጥልሃል?» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ይሄን ምን አጻፈኝ?

ይምጡ ብቻ። ጌታ ሆይ፣ ይምጡ።

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

መጡ! መጡ! መጡ!

ከአጥሩ እስከ ባንዲራው ሰልፍ! አባቶቹ ጠዋት በሀራራ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ እየተነጫነጩ፣ ግን የልጆቻቸውን እጅ ይዘው! የድንኳኑ ሰውዬ ሁለት ልጆች ይዞ መጣና «ቶሎ በይ፣ ሥራ አለብኝ» አለኝ። ልስመው ምንም አልቀረኝም። እኔ እወጋለሁ፣ ቶሌሳ ያስቀምጣቸዋል፣ ብስኩት ያድላል፣ ያስቃቸዋል። መሐል ላይ አንዲት ልጅ ዘፍ አለች። ጩኸት ተነሳ፣ ሁለት አባቶች ወደ ልጆቻቸው ሮጡ። ቶሌሳ አስተኛት፣ እግሯን ከፍ አደረገ፣ ስትነቃ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ «ቁርስ በላሽ?» አላት። «አልበላሁም» አለች በቀጭን ድምፅ። አብዱናስር ከበሩ ሆኖ «ዱዓ ተደርጓል! ማንም ልጁን ይዞ አይሄድም!» አለ። ማንም አልሄደም።

ሙሚና መጨረሻ ላይ ከእናቷ ጋር መጣች። እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች፣ ዓይኗን ሳትጨፍን መርፌውን አየችው። «አለቀ?» አለች። «አለቀ!» አልኳት። ሁለተኛውን ሰኔ ላይ እንደምትወስድ ነገርኳትና ብስኩቷን ይዛ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች።

ልጅቷ ከተነሳችበት ወንበር ላይ ሀኒፋ ተቀመጠች። እጅጌዋን ሰበሰበች። «ከተረፈሽ ለኔም ውጊኝ» አለች።

ሳቅኩ። «አንቺማ አልፎሻል፣ የልጆች ነው!» አልኳት። እሷ አልሳቀችም። ክንዷ እንደተገለጠ ነው፤ አጥንቷ ይታያል።

«ጎረቤት የለኝም፣ ሲስተር» አለችኝ።

ከረመዳን ጀምሮ ነው። ባሏ ብቻ ያውቃል። መርፌው ለልጅቷ ከሆነ ለእናትየውም ትንሽ ይረዳል ብለው ነው ሁለቱ የተነጋገሩት። ይሄ መርፌ ያልያዛትን ይጠብቃል እንጂ የያዛትን አያድንም ብዬ ነገርኳት። «እሺ» አለችና እጅጌዋን ቀስ ብላ አወረደች። አቅፌ ያዝኳት። እሷ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

አሁን ማታ ነው። ዛሬ ሠላሳ አንድ ልጅ ከትቤያለሁ፤ ደስታዬ አልጠፋም፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ምልክቱን ለሃያ ወንድ ስዘረዝር እሷ በር ላይ ቆማ ትሰማኝ ነበር። አብዱናስር «ምን ያህል ትቆያለች?» ሲለኝ ሊያደናቅፈኝ ነው ብዬ ተቆጣሁት። ለሰው ሁሉ ዓይን ሆኜ፣ እጄን ይዛ የለመነችኝን ሴት አላየሁም። ቶሌሳ «ነገን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ለሆስፒታል ደውዪ» አለኝ። ደወልኩ። ሰኞ ቀጠሩን።

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

ሆስፒታል ወሰድናት፤ እኔና አብዱናስር። እሷ ወረፋ ላይ እንኳ ሰው ስታስቅ ነበር። ሐኪሟ አየቻት፣ ብዙ ቆየች። ናሙና ወሰደች። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈችልን፣ «በዚሁ ሳምንት» ብላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ቀድመናል ወይስ ዘግይተናል የሚለውን እዚያ ነው የሚነግሩን። ሐሙስ ይሄዳሉ። እኔም ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ አቶ ጀምበሩ «ሂጂ» አሉ፣ ሌላ አልጠየቁኝም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሀኒፋ መሐላችን ተቀመጠች። አብዱናስርን «አንተ ዛሬ ባዶ አፍህን ዋልክ፣ ነገ ትነክሰኛለህ» እያለች ትቀልድበታለች። እሱ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የሙሚና ሁለተኛው መርፌ መቼ ነው ያልሽው?»

«ሰኔ ላይ።»

ጣቶቿን እያጠፈች ወሮቹን ቆጠረች፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት... ሰኔ ላይ ስትደርስ ጣቷን ይዛ ቆየች።

«እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለች።

አብዱናስር ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ኢንሻአላህ» አልኳት።